የጫጩት እግር ለምን ይጣመማል?

በሆሳዕና፣ በዱራሜና በአንጋጫ ዙሪያ የተሻሻለ ዝርያ ጫጩት ገዝተው የሚያሳድጉ አሉ። ጫጩቱ በገንዘብ የተገዛ ነው፤ ነገ የደብተርና የጨው መግዣ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ እግሩ እንነጋገር።

ጫጩት ሲያድግ የእግሩ አጥንት ጫፍ ለጋ ነው። ለጋው ጠንክሮ አጥንት እንዲሆን ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ ካልሲየም፣ ፎስፎረስና ቫይታሚን ዲ። አንዱ ከጎደለ አጥንቱ እንደ እርጥብ ቀንበጥ ይጎብጣል። ምንቃሩም ይለሰልሳል። ጫጩቱ ያነክሳል፤ ቁጢጥ ይላል፤ መኖው ጋ መድረስ አቅቶት ይከሳል።

ቫይታሚን ዲ ከየት ይገኛል? ፀሐይ ላባ የሌለውን እግሩን ስትነካ ሰውነቱ ራሱ ይሠራዋል። ጨለማ ቤት የሚውል ጫጩት ግን ይህን አያገኝም። የአገር ዶሮ ውጭ ስትጭር ፀሐይም ትልም ታገኛለች። የተሻሻለው ቶሎ ስለሚያድግ በቆሎ ብቻ አይበቃውም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. ሕፃን ልጃችንን ፀሐይ እንደምናሞቅ ሁሉ ጫጩቶቹንም በየቀኑ እናሙቅ። ከጭልፊት እንከልላቸው፤ ጥላም ይኑራቸው።

2. አጥንት አቃጥለን እንውቀጥ። ቤት ባዘጋጀነው 5 ኪሎ መኖ 100 ግራም እንቀላቅል። የፋብሪካ የጫጩት መኖ ከሆነ ግን አንጨምርበት።

3. የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ለጫጩት አንስጥ። ካልሲየሙ በዝቶ ኩላሊቱን ይጎዳል።

ቶሎ ከደረስንለት ይድናል። አንዴ ክፉኛ ከተጣመመ ግን ማቃናት ይከብዳል።

አንገቱ ከተጠማዘዘ፣ አረንጓዴ ተቅማጥም ከታየበት ፈንግል ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ወደ ገበያ አናውጣው፤ ለየን እናስቀምጠውና የእንስሳት ጤና ባለሙያ እንጥራ።