ከሚሴ የትኛውን ሊኑክስ ትምረጥ?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። የጥገና ድጋፍ በተቋረጠበት ኮምፒውተር የሕዝብን መዝገብ ማኖር በር ሳይዘጉ እንደ መተኛት ነው። ዊንዶውስ 11ን የማይሸከሙ አሮጌ ኮምፒውተሮች ለያዘ መሥሪያ ቤት ወይም ትምህርት ቤት ነፃው ሊኑክስ ሁነኛ አማራጭ ነው። ይሁንና ሊኑክስ አንድ አይደለም፤ ዴቢያን፣ ኡቡንቱ፣ ፌዶራና ሌሎችም አሉ። ታዲያ ለከሚሴ የትኛው ይበጃል?

በእኔ እምነት መመዘኛው ዝና ሳይሆን የአካባቢው ኑሮ ነው። በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ አማርኛ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል። በዚህ ረገድ ሦስቱም አያሳፍሩም፤ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ ሁለቱን ጽሕፈቶች ጎን ለጎን ያስተናግዳሉ።

ልዩነቱ በዕድሜና በባለቤትነት ነው። አንድ የፌዶራ እትም ድጋፍ የሚያገኘው ለ13 ወራት ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት መቋረጡን ያየ ሰው፣ በየዓመቱ አዲስ እትም አውርድ በሚል ሥርዓት አይተማመንም። የኡቡንቱ የረዥም ጊዜ እትምና ዴቢያን ግን 5 ዓመት ይዘልቃሉ።

ከሁለቱ እኔ ዴቢያንን እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 ከዴቢያን የተወለደውን ኡቡንቱን የሚመራው ካኖኒካል የተባለ ኩባንያ ነው። ዴቢያን ግን መተዳደሪያ ሕግ ያለው፣ መሪውንም በየዓመቱ በድምፅ የሚመርጥ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ነው። የሕዝብ ንብረት የሆነ ኮምፒውተር በአንድ ኩባንያ ውሳኔ ባይታሰር ይሻላል።

ዋናው ግን አንዱን መርጦ መጽናት ነው። እያንዳንዱ ቢሮ የየራሱን ከጫነ፣ ያለው ጥቂት ባለሙያ ለማንም አይደርስም።