ጨጓራ ብዬ የጻፍኩት



«ከስንቱ ሙያ የሰው ጭንቀት መስማትን ለምን መረጥክ?» ለሚሉኝ አጭሩ መልሴ «ስለተሳሳትኩ» ነው። ረጅሙን ለእርስዎ ልጻፈው።

ጥቅምት ነበር፤ መተማ የሰሊጥ አጨዳ ላይ ናት። ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ከቆየ ፍሬው ይረግፋል፤ ስለዚህ ከደጋ «በርሃ ወረድን» ብለው የሚመጡት ወጣቶች ፋታ የላቸውም። እኔ ያኔ ጀማሪ ነርስ ነኝ። አንድ የጎጃም ልጅ ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ ብብቱ ስር እንደሸጎጠ ገባ። ደሙ ታየ፤ ወባ የለበትም።

«ምንህን ነው?»

«ልቤን። ይነደኛል። እህል አልወርድ ብሎኛል።»

ወረቀቴን አየሁና «ድብርት ይሰማሃል?» አልኩት።

«ኧረ የምን ድብርት! ሥራ ላይ ነኝ እኮ።»

ጨጓራ ብዬ ጻፍኩ። ኪኒን ሰጥቼ ሸኘሁት።

በማግስቱ አብሮት የሚያጭድ ልጅ ለራሱ ሕመም መጥቶ የዚያን የጎጃም ልጅ ጉድ ነገረኝ። ታናሽ ወንድሙን ከሳምንት በፊት እዚያው በርሃ ቀብሮታል። እናታቸው አልሰማችም። መርዶ ደግሞ ዘመድና ጎረቤት ማለዳ ተሰብስቦ የሚያረዳው ነገር ነው፤ አርጂውም አልቃሹም ብዙ ነው። እሱ ግን ለቅሶውን ውጦ፣ የአጨዳ ሂሳቡን ተቀብሎ መርዶውን ብቻውን ሊያደርስ ቀን ይቆጥራል። ፈለግኩት፤ ወደ ሌላ እርሻ ሄዷል አሉኝ።

ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ልማር የገባሁት ያንን ወረቀት ይዤ ነው ማለት ይቻላል። ትምህርቱ ውስጥ አገሬን ሳገኛት ገረመኝ። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ተቀምጦ የዛር ነገር ሲመዘግብ ከርሟል፤ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያም እ.ኤ.አ. በ1994 እትሙ ዛርን በስሙ ጠቅሶታል። እ.ኤ.አ. የ2013ቱ እትም ደግሞ ስለ ሕመምተኛው ባህል የሚጠየቁ 16 ጥያቄዎችን ይዞ መጣ። አንዱ፣ በእኛ አፍ ሲሆን፣ «ችግርህን ለቤተሰብህ ብትነግራቸው ምን ብለህ ትነግራቸዋለህ?» የሚል ነው። ሳነበው መጽሐፉን ዘጋሁት። ለዚያ ልጅ ከዚህ ሌላ ጥያቄ አያስፈልገውም ነበር።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ሰው በድንበር ከተማዋ በገላባት በኩል ወደ መተማ ጎረፈ። ጭንቀታቸውን እንዳልሰማ አረብኛዬ ከገበያ አያልፍም። «ዛር» ግን ድንበሩ ወዲህም ወዲያም ያው ዛር ነው፤ አስተርጓሚ አይፈልግም።

ባህል ማወቅ ሁሉን ለባህል መተው እንዳይመስልዎ። በጥቅምት መተማ ላይ የሚቀባዥር ሰው አስቀድሞ የወባ ምርመራ ነው የሚያስፈልገው፤ «ለክፎት ነው» ብሎ ቤት ማቆየት ይገድላል። ሰይጣን ያልኩት ስንቱ ወባ፣ ጨጓራ ያልኩት ስንቱ ሐዘን ይሆን እያልኩ ዛሬም እሰጋለሁ።

እናም አንባቢዬ፣ ወደ እኛ ሲመጡ ጸበል ሄደው ከሆነ፣ ደብተራም ጋ ደርሰው ከሆነ አይደብቁን፤ አንቆጣም። ጸበሉን ይጠመቁ፣ የታዘዘልዎትን ኪኒን ግን አያቋርጡ። ማን እንደሞተብዎ ሳልጠይቅዎ ከቀረሁም፣ እባክዎ እርስዎ ይንገሩኝ።