ወደ ባሕር ለሚወርድ ቤተ ሰብ፦ አስቀድሞ መጋላ ማደር



የደጋ ሰው ባሕርን ለማየት ያለው ናፍቆት ታላቅ ነው። የጨው ውኃ ከአድማስ እስከ አድማስ ተዘርግቶ ማየት ለብዙዎቻችን የዕድሜ ልክ ምኞት ሆኖ ይኖራል። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ምድር ባቡር በ2010 ዓ.ም. መንገደኛ ማመላለስ ከጀመረ ወዲህ፣ አባትና እናት ልጆቻቸውን አስከትለው ከአዲስ አበባ በድሬዳዋ በኩል ወደ ጅቡቲ ለመውረድ ቢያስቡ የሚያስደንቅ አይደለም። ሐሳቡም መልካም ነው፤ ልጅ በመጽሐፍ ያነበበውን በዓይኑ ሲያየው ትምህርቱ ይጸናለታልና። ነገር ግን የቤተ ሰብ ጤና ከሁሉ ስለሚቀድም፣ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ባሕሩ ውበት ሳይሆን ወደ ባሕሩ በደኅና ስለ መውረድ ነው።

ነገሩን በአጭሩ ለመናገር፣ ከደጋ ተነሥቶ ወደ ባሕር የሚወርድ ቤተ ሰብ በቀጥታ ከመሄድ ይልቅ በድሬዳዋ፣ በተለይም በመጋላ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ቢያድር ይሻለዋል። ምክንያቱን በየተራው እንገልጻለን።

ጊዜውን ስለ መምረጥ

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሳሳተው በወራቱ ነው። ልጆች ረዘም ያለ ዕረፍት የሚያገኙት በክረምት ስለ ሆነ፣ ወላጆች ለጉዞው ሐምሌንና ነሐሴን ይመርጣሉ፤ ዝናሙና ጭቃው ሲያሰለቻቸውም ወደ ሞቃት አገር መሄድ ያምራቸዋል። ዳሩ ግን የእኛ ክረምት በጅቡቲ ጠረፍ የሐሩር ወራት ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ 40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከበረሓ የሚነሣው ደረቅ ነፋስም አሸዋ እየበተነ ፊት ይለበልባል፤ ሌሊቱም ቢሆን እምብዛም አይቀዘቅዝም። ብዙ የጅቡቲ ቤተ ሰቦች በዚያን ጊዜ ሙቀቱን ሸሽተው ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር ይመጣሉ። እነርሱ ለምደውት ሳለ የሚሸሹትን ሙቀት፣ እኛ ሳንለምደው ሕፃናት ይዘን ልንቀበለው መሄዳችን ማስተዋል የጎደለው ነው።

መልካሙ ወራት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። በጥር ወር የቀኑ ሙቀት ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ያህል ይሆናል፤ ባሕሩም ለመታጠብ የተመቸ ነው። በነዚህ ወራት ውስጥ ግን ክርስቲያን ቤተ ሰብ የሚያስባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ከኅዳር 15 እስከ ገና ጾመ ነቢያት ነው፤ በባሕር ዳር ያሉት ምግብ ቤቶች የሚያቀርቡት ይበልጡን ሥጋና ዓሣ ስለ ሆነ፣ ጿሚው በሶውንና ቆሎውን በስንቅነት ይያዝ። ዓሣ ስለ መብላትም ሆነ፣ በሐሩር ውስጥ ውኃ ሳይጠጡ ስለ መዋል፣ በተለይ ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡርና ሽማግሌ ያለበት ቤት ከመነሣቱ በፊት የንስሓ አባቱን ያማክር። ሁለተኛው፣ በታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል በዓል ሲደርስ ምእመናን ከየአገሩ ስለሚመጡ፣ በዚያ ሰሞን በድሬዳዋ አልጋና መጓጓዣ ማግኘት እጅግ ያስቸግራል።

ስለዚህ ከሁሉ የሚመረጠው ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ያለው ጊዜ ነው። ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 ቀን ቀድሞ ስለማይገባ፣ በየዓመቱ ለዚህ የሚበቃ ቀን አይታጣም፤ የነነዌን ሦስት ቀን ብቻ በባሕረ ሐሳቡ ተመልክቶ መለየት ነው። ትምህርት ቤቶችም በዓመቱ አጋማሽ ለጥቂት ቀን የሚዘጉት ወደዚሁ ሰሞን ነው።

ከመጋላ ስለሚገኘው ትምህርት

መጋላ በሶማሌኛም በኦሮምኛም ከተማ ማለት ነው። በ1895 ዓ.ም. ምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ ሜዳ በደረሰ ጊዜ ድሬዳዋ ተቈረቈረች፤ በደቻቱ ወንዝ በአንዱ ወገን ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ያሉት ከዚራ፣ በሌላው ወገን ጠባብ መንገዶችና ሰፊ ገበያ ያሉት መጋላ ቆሙ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እንግዲህ ድሬዳዋ በደጋውና በባሕሩ መካከል፣ በግማሽ መንገድ ላይ እንደ ተሠራች የደረጃ ማረፊያ ናት ማለት ነው።

ማረፊያው የሚያስፈልገው ስለ ሰውነታችን ጠባይ ነው። የደጋ ሰው ሰውነት ሙቀትን በአንድ ቀን አይለምድም። ሲለምድ ቶሎ ማላብ ይጀምራል፤ ላቡ ይበዛል፤ በላቡ የሚወጣው ጨው ግን ይቀንሳል። ይህ ለውጥ ተፈጽሞ እስኪያልቅ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል፤ ከሁሉ የሚያሰጉትም የመጀመሪያዎቹ ቀኖች ናቸው። ሁለትና ሦስት ሌሊት ለውጡን አይፈጽመውም፤ ነገር ግን ያስጀምረዋል፤ ደግሞም ከሙቀት ጋር ተስማምቶ የመኖርን ሥርዓት ከባለቤቶቹ ለመማር ይበቃል።

የመጋላ ሰው ጉዳዩን በማለዳ ይጨርሳል። የቀፊራ ገበያ ገና ፀሐይ ሳትበረታ ይሞላል። ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ ብዙው ሱቅ ይዘጋል፤ ሰዉም በጥላ ሥር ያርፋል፤ ወንዱ ሽርጡን አገልድሞ፣ ሴቲቱ ሳሳ ያለ ሰፊ ቀሚስ ለብሳ ይቀመጣሉ። ወደ ዐሥር ሰዓት ግድም ሱቁ ይከፈታል፤ ማታም መንገዱ በሰው ይሞላል። ከደጋ የመጣ እንግዳ ይህን አይቶ ስንፍና ሊመስለው ይችላል፤ ነገሩ ግን ስንፍና ሳይሆን ጥበብ ነው። በባሕር ዳር የምትውሉበትንም ሥርዓት ከዚሁ ውሰዱ፦ ከማለዳ እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ውጡ፤ ከአራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በጥላ ቈዩ፤ ከዐሥር ሰዓት በኋላ እንደ ገና ውጡ።

በነዚህ ቀኖች ልጆቻችሁንም መርምሩ። ልጅ እስኪጠማው አይጠበቅም፤ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ውኃ ይሰጠዋል። ሽንቱ እንደ ሻሂ የጠቈረ እንደ ሆነ ውኃ ጎድሎታል። ራሱን ካመመው፣ ካዞረው ወይም ካቅለሸለሸው ወደ ጥላ አግቡት፤ በርጥብ ጨርቅ እያበሳችሁ አራግቡለት። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት ልሙጥ የሻሂ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻሂ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ አጠጡት። ሰውነቱ እንደ እሳት ግሎ የሚቀባዥር ወይም ራሱን የሚስት ከሆነ ግን ሕይወቱን የሚያሰጋ ነገር ነውና፣ ሰውነቱን በውኃ እያቀዘቀዛችሁ ወዲያው ወደ ሐኪም ውሰዱት። በድሬዳዋ ላይ እንዲህ ያለ ድካም የታየበት ሰው ከዚያ ወደ ባሰው ሙቀት ባይወርድ ይሻላል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም ከመነሣታቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

የጎደለ ዕቃም ቢኖር ከመጋላ ገበያ ይሟላል፦ ሰፊ ባርኔጣ፣ ከጥጥ የተሠራ ሳሳ ያለ ልብስ፣ እግር ላይ የሚታሰር ጫማ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የውኃ ኮዳ።

ስለ መንገዱ

የባቡሩን ቀንና ሰዓት፣ የመግቢያ ፈቃዱንም ደንብ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ይለዋወጣሉና። አዲሱ ባቡር የሚቆመው በከዚራ ባለው በቀድሞው ለገሐር ሳይሆን ከከተማው ወጣ ብሎ በተሠራው ጣቢያ ነው፤ በጅቡቲም የሚያወርደው ከከተማው ውጭ ናጋድ በሚባል ስፍራ ነው። ስለዚህ ከጣቢያ ወደ ማረፊያ የሚያደርሳችሁን መኪና ቀድማችሁ አስቡበት። ከድሬዳዋ ወዲያ መንገዱ በአዲጋላና በደወሌ አድርጎ በደረቅ ሜዳ ላይ ያልፋል፤ በመንገድ ይገኛል ሳትሉ ውኃና ምግብ ያዙ።

የጅቡቲ ፍራንክ ከአሜሪካ ዶላር ጋር ያለው ምንዛሪ የተቈረጠ ነው፤ አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ከሳንቲም ይመነዘራል። ብር ከአገር ይዞ መውጣት በደንብ የተወሰነ ስለ ሆነ ወሰኑን ከባንክ ጠይቁ። ብዙው ዕቃ ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ኑሮው ውድ ነውና፣ በእጃችሁ ያለውን ገንዘብ በዚያው መጠን ገምቱ። ሰዓታቸው እንደ አውሮፓውያን የሚቈጠር ስለ ሆነ፣ በእኛ ሁለት ሰዓት የሆነው በእነርሱ ስምንት ነው፤ ይህን ባለማስተዋል ባቡር ወይም ጀልባ እንዳያመልጣችሁ ተጠንቀቁ።

በባሕሩ ዳር

ከከተማው በስተ ምዕራብ ያለው ኮር አምባዶ፣ በጀልባ የሚደረስባቸው የሙሻና የመስካሊ ደሴቶች፣ ማዶም በታጁራ አጠገብ ያለው ነጭ አሸዋ ለመታጠቢያ የታወቁ ናቸው። የትም ብትሄዱ ግን ባሕሩን አትድፈሩት። ባሕር ይሞላል ይጎድላልም፤ ጠዋት ጉልበት የነካ ውኃ ከሰዓት በኋላ ደረት ሊነካ ይችላል። ዋና የማያውቅ ሰው ከወገቡ በላይ አይግባ፤ ልጅም ብቻውን አይግባ። ልጆችን የሚጠብቅ አንድ ዐዋቂ ሰው በስሙ ይመደብ፤ ሁሉም ይጠብቃል በተባለ ጊዜ ማንም አይጠብቅምና። ለጀልባም ተንሳፋፊ ሰደርያ በየልክ ሳይቀርብ አትሳፈሩ።

በባዶ እግር ወደ ውኃ አትግቡ፤ ድንጋዩ ስለት አለው፤ በመካከሉም እሾኽና መርዝ ያላቸው ፍጥረታት አሉ። እሾኽ የወጋው ሰው እግሩን በሚችለው መጠን በሞቀ ውኃ ነክሮ ወደ ሐኪም ይሂድ። የባሕር ውኃ በአንድ ሊትር ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው ስላለበት የጠጣውን ሰው ይበልጥ ያስጠማዋል። ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኘውን የአሳልን ሐይቅ ለማየት የሚሄዱም በማለዳ ይሂዱ፤ የጨው ቅርፊቱ እግር ይቈርጣልና ጫማቸውን አያውልቁ።

ስለ ቢምቢና ስለ ደረቅ ወንዝ

ድሬዳዋና ጅቡቲ በንዳድ ነገር ዕጣቸው አንድ ነው። በከተማ ውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የሚራባው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለው የወባ ቢምቢ በአፍሪካ ምድር መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ ነበር፤ በ2022ም በድሬዳዋ በበጋ ወራት ሳይቀር ወባ እንዲበዛ አድርጓል። ከዚህ ሌላ፣ በ2013 ዴንጌ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ የሚባሉት ንዳዶች በድሬዳዋ ተነሥተው ነበር። እነዚህን ሁለቱን የሚያመጣው ቢምቢ በቀን የሚናደፍ ስለ ሆነ፣ ሌሊት አጎበር መዘርጋት ብቻውን አይበቃም፤ በቀንም እጅና እግር የሚሸፍን ልብስና የቢምቢ መከላከያ ቅባት ያስፈልጋል። በመንገድም ሆነ ወደ ቤታችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ ትኵሳት የያዘው ሰው ወደ ሐኪም ሄዶ የት እንደ ነበረ ይንገር፤ ሕመሙ ሳይለይ አስፕሪን አይውሰድ፤ በዴንጌ ጊዜ ደም ያፈስሳልና።

ደረቅ ወንዝንም አትመኑ። በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. ማብቂያ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በጅቡቲም የአምቡሊ ደረቅ ወንዝ በሚያዝያ 1996 ዓ.ም. እንዲሁ ብዙ ሰው ወስዷል። ዝናሙ የሚዘንበው በሩቅ ተራራ ላይ ስለ ሆነ፣ በአሸዋው ላይ የተቀመጠ ሰው ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጎርፍ ይደርስበታል። ስለዚህ በወንዝ አሸዋ ላይ መኪና አታቁሙ፤ ምሳም አትዘርጉ።

ስለ እንግድነት

የጅቡቲ ሕዝብ በብዛት እስላም ነው፤ ቋንቋውም ሶማሌኛ፣ አፋርኛ፣ ዐረብኛና ፈረንሳይኛ ነው። የመታጠቢያ ልብስ ለባሕሩ ዳር ብቻ ይሁን፤ በከተማ ውስጥ እንደ አገሩ በጨዋ ልብስ መሄድ ይገባል። የረመዳን ጾም በሆነ ጊዜ በቀን በአደባባይ መብላትና መጠጣት ነውር ነው፤ እኛም የጾምን ክብር የምናውቅ ሰዎች ስለ ሆንን ይህ ሊከብደን አይገባም። በዚያ አገር የልዩ ልዩ መንግሥታት ጦር ሰፈሮች ስላሉ፣ በወደብ፣ በአውሮፕላን ማረፊያና በወታደር አጠገብ ፎቶግራፍ አታንሡ። ሰው ፎቶግራፍ ለማንሣትም አስቀድሞ ፈቃዱን መጠየቅ ይገባል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፤ ባሕሩ ከስፍራው አይሄድም። በዚህ ዓመት ጊዜው ካልተመቸ በሚመጣው ዓመት ይታያል። ለጉዞው ከምታወጡት ገንዘብ ላይ የሁለት ሌሊት የመጋላ ማደሪያ ብትጨምሩ፣ ወጪው ልጅ በሰው አገር ታምሞ ከሚመጣው ጭንቀትና ኪሳራ ጋር የሚተካከል አይደለም። በጊዜው የተነሣ፣ በመንገድ ያረፈ፣ ከባለ አገሩ የተማረ ቤተ ሰብ ባሕሩን አይቶ በጤና ይመለሳል። እግዚአብሔር መንገዳችሁን ያቅናላችሁ።