ዘፈኑ የማን ነው?

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ወደየመንደራችን ስንበተን፣ ከመካከላችን የምሥራቅ ጎጃም ልጆች የሆንነው ጥቂቶች በየጁቤ ገበያ አንድ ቀን ዋልን። ወደ ማታ ጠላ ቤት ገብተን ተቀምጠን ሳለ አንዱ ባልንጀራችን በቅርቡ የወጣ ነጠላ ዜማ በስልኩ ከፈተ። ዘፈኑ የጎጃም ምት ያለው፣ በኦርጋንና በጊታር የታጀበ፣ በከተማ ሠርግ ሁሉ የሚጨፈርበት ነው። ጥግ ይዘው ማሲንቋቸውን ይቃኙ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አዝማሪ እጃቸውን ገትተው አዳመጡ። ሲያልቅም፣ «ሁለተኛው ግጥም የኔ ነው፤ ብቸና ላይ በሠርግ ለሙሽራው እናት ያልሁት ነው» አሉ። አልተቆጡም፤ እንዲያውም ደስ ያላቸው ይመስሉ ነበር። ቀጥለው ግን፣ «ስሜን ማን ብለው ጻፉት?» ሲሉ ጠየቁን። ከስልኩ ላይ ፈልገን አነበብን። የተጻፈው «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» የሚል ነው። ሽማግሌው ዝም አሉ፤ እኛም የምንለው ጠፋን።

ያሉት እውነት መሆኑን የምናረጋግጥበት መንገድ የለንም። ቁም ነገሩም ይኸው ነው። ማረጋገጫ ያጣነው፣ ዘፋኙም ሆነ አሳታሚው፣ የሠርጉ ታዳሚም ሆነ የተማርነው የአገሩ ልጆች፣ ማንም ስላልጻፈው ነው። ስለዚህ «የሕዝብ» በምትባለው በዚህች አንዲት ቃል ላይ ሐሳባችንን ለመግለጽ ተነሣን።

ስም መጻፍ ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር ታሪክ ይመልስለታል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1908 ዓ.ም. ጀርመን አገር ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ከአንድ ምዕተ ዓመት በኋላ ያ ድምፅ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እትም እንደገና ሲወጣ የማን እንደ ሆነ ማንም አልተከራከረም፤ ስማቸው ከድምፃቸው ጋር አብሮ ነበርና። በዚያው ዘመን በብቸናና በሞጣ፣ በደጀንና በየጁቤ ከእርሳቸው የማያንሱ ባለ ማሲንቆዎች አልነበሩም ብሎ የሚምል ማን ነው? ነገር ግን ሸክላ አላገኛቸውም፤ ጸሐፊም አላገኛቸውም።

የሸክላውም ታሪክ ቢሆን ያለ ትግል የመጣ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. በወጣ የንጉሠ ነገሥቱ አዋጅ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1969 አቶ አማኃ እሸቴ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳሉ፣ ይህን ክልከላ ተዳፍረው የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን በሸክላ አወጡ። አገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ቅጂው ባሕር ማዶ ተልኮ ታትሞ ይመጣ ነበር። እስከ 1975 ድረስም አማኃ ሬከርድስ ከመቶ በላይ ሸክላዎች አወጣ። ከሸክላው መካከል በምትለጠፈው ክብ ወረቀት ላይ የዘፋኙ ስም ይነበብ ስለ ነበረ፣ ያ ትውልድ ዛሬ በዓለም ሁሉ በስሙ ይጠራል። እንግዲህ የዚያችን ትንሽ ወረቀት ጉልበት ልብ በሉ። ይሁን እንጂ ወረቀቷ የምታውቀው ስቱዲዮ የደረሰውን ሰው ነው፤ ስቱዲዮ ለደረሰው ሰው ዜማውን ያቀበለውን አታውቅም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን በዚህ ላይ ሁለት ነገር ይሉናል። የመጀመሪያው፣ ጥፋቱ ያለው በኦርጋኑና በጊታሩ ነው፤ የአገር ቤት ዘፈን በማሲንቆ ብቻ ይቅር የሚል ነው። በዚህ አንስማማም። ዘፈን እንደ ሰው ልብስ ይለውጣል፤ ልብስ ስለ ለወጠ አይወቀስም። የምንወቅሰው አባቱን ሲክድ ነው።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። ዘፈን በእርግጥም የሕዝብ ነው፤ አዝማሪውም ራሱ ከሌላ የሰማውን ነው የሚለው፤ ግጥሙን ብዙ ጊዜ «ተቀበል!» እያለ የሚሰጠው ታዳሚው ነው፤ ታዲያ ባለቤቱን ከየት እናመጣለን ይላሉ። እውነት አለው። ስለ በላይ ዘለቀ በብቸና ምድር የተባለው ግጥም ሁሉ የማን የማን እንደ ሆነ ዛሬ ለይቶ የሚነግረን አይገኝም። ወፍጮ ላይ ሆና ያንጎራጎረችውን እናት፣ በደቦ ላይ የሸለለውን ጎበዝ ማን ቆጠረው? ነገር ግን እኛ የምንጠይቀው ባለቤት ፈጥራችሁ አምጡ ብለን አይደለም። ከማን እንደ ሰማችሁ ተናገሩ ነው የምንለው። ምንጭን መናገር ምስክርነት እንጂ ርስት ማካፈል አይደለም።

ለዚህ ደግሞ አብነቱን ሩቅ አገር ሄደን አንፈልግም። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በሌላው ጉባኤ አንድ ተማሪ የሌላውን ቅኔ ሲነግር «የእገሌ ነው» ሳይል አያልፍም፤ ቢደብቅ ሌባ ይባላል። የጎንጁ ተዋነይ ከስንት ዘመን በኋላ ዛሬም በስሙ የሚነሣው በዚህ ልማድ ነው። እንግዲህ ይኸው አገር ለመሪጌታው ያደረገውን ለአዝማሪው የነፈገው ለምንድን ነው? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። አዝማሪ የሚለውን ስም ስድብ አድርገን ስለ ኖርን ነው። በዘፈኑ ተደስተን በዘፋኙ እናፍራለን፤ ከሠርጉ ማግስት ስሙን አንጠይቅም።

እኛም ብንሆን ከዚህ ነፃ አይደለንም። በተማሪዎች የባህል ምሽት ስንት ጊዜ የጎጃምን ዘፈን ዘፍነን፣ ተጨብጭቦልን ወርደናል! መድረክ ላይ ቆሞ «ይህን የሰማነው ከእገሌ ነው» ያለ ግን ከመካከላችን አንድም አልነበረም።

ሕጉ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ቆይቷል፤ ደራሲን ብቻ ሳይሆን ከዋኝንም ያውቃል። ነገር ግን ሕግ መብት የሚያስከብረው ለታወቀ ሰው ነው። ስሙ ላልተጻፈ፣ ፍርድ ቤት ለመቅረብ አቅም ለሌለው የየጁቤ አዝማሪ አዋጁ በሩቅ የሚታይ ተራራ ነው። ስሙን አስቀድሞ የሚጽፍለት ሰው ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። ነጠላ ዜማ የሚያወጡ ወንድሞችና እኅቶች «የሕዝብ» ብለው ከመጻፋቸው በፊት ከማን፣ የት፣ መቼ እንደ ሰሙት ይጻፉ፤ ሰውየው በሕይወት ካለም ከገቢው ይቁረሱለት። የተማሪዎች ማኅበራችን በባህል ምሽቱ ከእያንዳንዱ ዘፈን በፊት ምንጩ እንዲነገር ደንብ ያውጣ። ሁላችንም ደግሞ ለዕረፍት ወደ ቤታችን ስንሄድ በያዝነው ስልክ የአንድ አዝማሪ፣ የአንዲት እናት ድምፅ ፈቃዳቸውን ጠይቀን እንቅረጽ፤ ስምና ቀበሌያቸውን፣ ቀኑንም ጽፈን ለማኅበሩ እናስረክብ። ሦስተኛው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትሕትና ብቻ ይጠይቃል።

በዚያች ማታ ከጠላ ቤቱ ከመውጣታችን በፊት የሽማግሌውን ስም ጠይቀን፣ ያሉትንም ግጥም በደብተራችን ጻፍን። «አሁን ገና ተማራችሁ» ብለው ሳቁብን።