ሴቷ ናሙናውን ራሷ ብትወስድ ምን ይጎድላል?

አንዲት ሴት ከፋርማሲ የእርግዝና መመርመሪያ ገዝታ ቤቷ ትገባለች፤ ውጤቱንም ራሷ ታነባለች። "አትችይም" የሚላት የለም። የኤችአይቪ ራስን በራስ ምርመራም የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ከመከረው ወዲህ ኢትዮጵያ ውስጥ ገብቷል። ወሬው የማህፀን በር ካንሰር ላይ ሲደርስ ግን ያችው ሴት በድንገት አላዋቂ ትሆናለች። "ናሙናውን በትክክል አትወስደውም"፣ "ባለሙያ ካላየው አይታመንም"፣ "ለእኛ አገር ገና ነው" ይባላል።

ይህ ክርክር ጊዜው ያለፈበት ነው።

የማህፀን በር ካንሰርን ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚያመጣው ኤችፒቪ የተባለ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ መኖሩን ለማወቅ ደግሞ የማህፀን በሩን በዓይን ማየት ግድ አይደለም። ሴቷ ረዘም ያለ ለስላሳ ብሩሽ ወይም ጥጥ የተጠቀለለበት ዘንግ ወደ ውስጥ አስገብታ፣ ጥቂት ጊዜ አዙራ ታወጣና ቱቦ ውስጥ ከትታ ታስረክባለች። ቀሪው የላብራቶሪ ሥራ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ የበርካታ ጥናቶች ድምር ትንተና፣ ላብራቶሪው በፒሲአር እስከሠራ ድረስ፣ ሴቷ የወሰደችው ናሙና ባለሙያ ከወሰደው ጋር ተቀራራቢ ትክክለኛነት እንዳለው አሳይቷል። ኔዘርላንድስ ኪቱን በፖስታ ቤት ድረስ ትልካለች። አውስትራሊያም ከጁላይ 2022 ጀምሮ ምርጫውን ለሁሉም ተመርማሪ ከፍታለች።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለዓመታት የተሠራበት ዘዴ ሌላ ነው። ሴቷ ጤና ጣቢያ ሄዳ አልጋ ላይ ትተኛለች፤ ባለሙያው በመክፈቻ መሣሪያ ከፍቶ የኮምጣጤ ዓይነት ፈሳሽ ይቀባና ነጭ የሚሆን ቦታ መኖሩን ያያል። ዘዴው ርካሽ ነው፤ ችግር ከተገኘም በዚያው ቀን ማከም ይቻላል። ይህ ጥቅሙ ሊካድ አይገባም። ነገር ግን ውጤቱ በተመልካቹ ዓይን ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 ባወጣው መመሪያ የኤችፒቪ ምርመራን አስቀድሟል። ከሁሉም በላይ፣ ሕመም የማይሰማት ሴት የገበያ ቀኗን ሠውታ፣ ልጆቿን ለጎረቤት ትታ፣ ምናልባትም በወንድ ባለሙያ ፊት ልብሷን ልታወልቅ አትሄድም። "ሴቶቻችን ግንዛቤ የላቸውም" የሚሉ ሰዎች ይህን ሁሉ ረስተውት ነው። ደም ሲፈሳት ብቻ የምትመጣው እኮ ሞኝ ስለሆነች አይደለም።

በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም 350 ሺህ ገደማ ሴቶች በዚህ ካንሰር ሞተዋል፤ አብዛኞቹም ድሃና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች። ኢትዮጵያ ክትባቱን ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት የጀመረችው በ2011 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉት፣ ማለትም አገሪቱ ለልየታ የመረጠቻቸው ሴቶች፣ ክትባቱ አምልጧቸዋል። ለእነሱ የቀረው ልየታው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ግን ለነጋዴዎችም የሚባል አለ። ኪቱን እንደ ፊት ክሬም በኦንላይን ሸጦ መገላገል ልየታ አይባልም። ኤችፒቪ ተገኘባት ማለት ካንሰር ያዛት ማለት አይደለም፤ አብዛኛው ኢንፌክሽን በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ በራሱ ይጠፋል። ይህን የሚነግራት ሰው ሳይኖር "ፖዘቲቭ" የሚል መልእክት በስልኳ ቢገባላት ቤቷ ምን ይሆናል? ባል "ከማን አመጣሽው?" ይላል። ቫይረሱ ግን ለዓመታት ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል ማን ከማን እንዳመጣው ማንም ሊናገር አይችልም። ስለዚህ ውጤቱን የሚያስረዳ ሰውና የሚያክም ጤና ጣቢያ ከኪቱ ቀድመው መዘጋጀት አለባቸው።

አገሪቱ ደግሞ ባዶ እጇን አይደለችም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተገነባ የጤና ኤክስቴንሽን መዋቅር አለ፤ ሠራተኞቹ ቤት ለቤት ይሄዳሉ፤ አብዛኞቹም ሴቶች ናቸው። ለሳንባ ነቀርሳ የተተከሉት ጂን ኤክስፐርት ማሽኖች ኤችፒቪንም መመርመር ይችላሉ፤ ውጤቱ በአንድ ሰዓት ገደማ ይወጣል። የሚያንሰው የካርትሪጅ በጀት ነው፤ ክርክሩም እዚያ ላይ ቢሆን ይሻላል እንጂ ሴቷ ጥጥ ማዞር ትችላለች አትችልም በሚል አይደለም።

ገንዘቡ ለሁሉም አይበቃም ከተባለም መጀመሪያው የታወቀ ነው። ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሴቶች በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎች 6 እጥፍ ገደማ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ልየታቸው ከ25 ዓመት እንዲጀምር ይመክራል። እነዚህ ሴቶች መድኃኒታቸውን ለመውሰድ ቀጠሮ ይዘው ወደ ጤና ተቋም ይመጣሉ። ከመድኃኒቱ ጋር ቱቦውን አብሮ መስጠት ምን አዲስ ሕንፃ ይጠይቃል?