አርማታ ማለት ምን ማለት ነው?

በዚህ መጽሔት ስለ አንድ ቃል ብቻ ለመጻፍ መነሣቴ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ ነገር ይመስላችሁ ይሆናል። ቃሉ «አርማታ» ነው።

የወረስነው ከጣልያንኛ ሲሆን፥ በእነርሱ ቋንቋ «የታጠቀ» ማለት ነው። የሚታጠቀው የሲሚንቶው ድብልቅ፥ ትጥቁም ፌሮ ነው። (ካዛንቺስ የሚለውም ስም በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው የጣልያን ድርጅት ስም የመጣ ነው፤ ሰዎቹ ሄዱ፥ ቃላቸው ቀረ።)

ሲሚንቶ፥ አሸዋና ጠጠር ተቦክቶ ሲደርቅ ቢጫኑት ብርቱ ነው፤ ቢስቡት ግን ቶሎ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ፌሮው የሚገባው መሳብ ባለበት በኩል ነው። በሁለት ግድግዳ ላይ የተጋደመ ሶሌታ ሲጎብጥ የሚሳበው ከታች ነው፤ ከግድግዳ ወደ ውጭ የወጣ በረንዳ ግን የሚሳበው ከላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአርቱሮ ሜዜዲሚ ሥራ፥ የአፍሪካ አዳራሽ፥ የቆመው በዚሁ በታጠቀ ሲሚንቶ ነው። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ቤቶች ሲፈርሱም ከተሰበረው ሶሌታ ፌሮው ተንጨባርሮ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ዛሬ ግን ፌሮ ኖረውም አልኖረውም ሁሉን አርማታ እንላለን። እኔ ይህን እቃወማለሁ። ጓደኞቼ «ቃል የሕዝብ ነው፥ ሕዝብ እንዳለው ይሁን» ይሉኛል። ታዲያ ሊሾን ሊሾ ብለን ለይተን የምንጠራ ሰዎች ይህን መለየት እንዴት ያቅተናል?

ቂርቆስ ባለው ቤታችን ከበሩ በላይ የዝናብ መከለያ ሲሠራ እናቴ «አርማታ ነው ወይ?» ብላ ጠየቀች። ግንበኛው «አዎን እትዬ፥ ንጹሕ አርማታ ነው» አላት። ክረምቱ ሳያልፍ መከለያው ከግድግዳው ሥር ተሰነጠቀ። ሲፈርስ አንዲት ዘንግ ፌሮ አልተገኘበትም። ታናሽ እኅቴ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በየቀኑ ጫማዋን የምታወልቀው ከሥሩ ተቀምጣ ነበር። ሰውየው ዋሸ ለማለት ግን አልደፍርም፤ በእኛው አነጋገር የተቦካ ጠጠር ሁሉ አርማታ ነውና።

ሁለተኛው መከለያ ሲሠራ እናቴ አርማታ መሆኑን አልጠየቀችም። ድብልቁ ሳይፈስ በመሰላል ወጥታ ፌሮውን አንድ በአንድ በጣቷ ቈጠረች፤ ስድስት ነበር።