ክብሩ ለስኾክላንድ ዓሣ አጥማጆች ይድረስ

በኔዘርላንድ፥ ዛሬ እርሻ በከበበው ሰፊ ሜዳ መካከል፥ ከዙሪያዋ ምድር ጥቂት ከፍ ብላ የምትታየው ስኾክላንድ፥ ዙይደርዚ በሚባለው ባሕር ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት ደሴት ሆና የኖረች፥ በሰሜን ካቶሊኮች በደቡብ ፕሮቴስታንቶች የሰፈሩባት የድኾች ዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። ባሕሩ ዳርቻዋን እየገመሰ ሲወስድባቸው፥ ሰዎቹ አፈር ቆልለው ባበጁት ከፍታ ላይ ተጠጋግተው ይኖሩ ነበር፤ ሰፈርን ከሰፈር የሚያገናኘው የሳንቃ መንገድ እጅግ ጠባብ ስለ ነበረም፥ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ተቃቅፈው ካልዞሩ በቀር መተላለፍ አይችሉም ነበር ይባላል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1825 ዓ.ም. የተነሣው ማዕበል 13 ነፍሳትን አጥፍቶ ብዙ ቤቶችን አፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ድኽነቱ እየጸና፥ ደሴቲቱን ከውኃ የመጠበቁ ወጪም እየከበደ ስለ ሄደ፥ በ1859 በንጉሥ ቪለም ሣልሳዊ ዘመነ መንግሥት 650 የሚያህሉት ነዋሪዎች የአባቶቻቸውን መካነ መቃብር ትተው፥ ቤታቸውንም አፍርሰው፥ ወደ ካምፐን፥ ወደ ቮለንሆቨና ወደ ቮለንዳም ፈለሱ። ነዋሪዎቹ ደሴቲቱን እንዲለቁ መንግሥት ያሳለፈው ውሳኔ ከጭካኔ የመነጨ ነበር አልልም፤ ሕፃናት በማዕበል እንዳያልቁ የሚያስብ መንግሥት ከዚህ የተሻለ መድኃኒት በጊዜው አልነበረውም።

ነገር ግን በኢንጂነር ኮርኔሊስ ሌሊ ዕቅድ 32 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ግድብ በ1932 ባሕሩን ከዘጋው፥ በ1942ም በደሴቲቱ ዙሪያ የነበረው ውኃ በመሳቢያ ተመጥጦ ምድሩ ከደረቀ በኋላ፥ አዲሱ መሬት የተሰጠው መንግሥት ከየአውራጃው መርምሮ ለመረጣቸው ገበሬዎች ነበር፤ መመዘኛውም የእርሻ ዕውቀትና ትጋት እንጂ የአያት ርስት አልነበረም። የደሴቲቱ ሰፈሮች ስም፥ ኤመሎርድና ኤንስ፥ በዚያው ምድር ላይ ለተቆረቆሩት ለአዲሶቹ ከተሞች ተላለፈ። ስም ሲወረስ ባለስሞቹ አስቀድመው ሊጠየቁና ከመሬቱም ድርሻ ሊቀርብላቸው ይገባ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የተሰደዱት ባሕር ስላየለባቸው ነውና፥ ባሕሩ በተወገደ ጊዜ የመመለስ መብት የመጀመሪያው የእነርሱ ዘር ነበር።

በ1995 ዩኔስኮ ስኾክላንድን ከኔዘርላንድ ቅርሶች ሁሉ በፊት በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፥ የሕዝቡን ከውኃ ጋር የመታገል ታሪክ አክብሮ ነው። ይህን ክብር ሰዎች ሲተርኩት ግን፥ ባሕርን የረቱት መሐንዲሶች ገነው፥ ምንም መሣሪያ ሳይኖራቸው ትውልድ በትውልድ እየተተኩ የተጋደሉት ዓሣ አጥማጆች የመግቢያ ያህል ብቻ ሲነሡ ይታያል። በ1834 የተሠራችው ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ቆማ የሙዚየሙ ክፍል ሆናለች፤ ዘሮቻቸውም ማኅበር አቋቁመው የትውልድ ሐረጋቸውን እየመዘገቡ ያስታውሷቸዋል። እንግዲህ ለጎብኝ የሚነገረው ታሪክ ከግድቡ ንድፍ ሳይሆን ከእነዚያ ቤተሰቦች መዝገብ ይጀምር፤ የግድቡ ወሬ በተራው ይከተላል።